የአያቴ ውጅግራ፦ ጠፍሩን ልፍታው ወይስ ልተወው?

ዘመርሐቤቴ | ጥቅምት 4፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሳነብ ብዙ ጊዜዬ ነው። ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከእናቴ አባት የወረስነው አንድ ውጅግራ ጠመንጃ አለ። መርሐቤቴ እናቴ ቤት፣ ቆጥ ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ ነው የኖረው። ዘንድሮ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ጆንያው ረጠበ። መስከረም ላይ ሄጄ ሳወርደው አንጀቴ ተላወሰ። ብረቱ ብርቱካን መስሏል። ዝገቱ በእጅ ይነሳል። የሰደፉ አንገት ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ግን ድሮ አንድ ሰው በጠፍር ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። ጠፍሩ ደርቆ እንደ አጥንት ጠንክሯል። ሰደፉ ላይ ደግሞ ሰባት የናስ ምስማሮች በመስቀል ቅርጽ ተመትተዋል።

ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ይህ ነው። ቅድመ አያቴ ዓድዋ የዘመቱት በዚህ ጠመንጃ ነው። ልጃቸው፣ ማለትም አያቴ፣ በጠላት ጊዜ በረሃ የወረዱት ይህንኑ ይዘው ነው። እናቴ ይህን ስትናገር ጥርጥር የሚባል ነገር የለባትም። እኔም ልጅ ሆኜ አልጠረጠርኩም። አሁን ግን ለልጆቼ ስነግራቸው እርግጠኛ ሆኜ መናገር እፈልጋለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሳላበላሸው እንዴት ላጽዳው? አንድ ጎረቤቴ «ጠፍሩን ቁረጠው፣ አዲስ ሰደፍ አሠራለት፣ ብረቱን በግራይንደር አስወልውለው፣ አዲስ ይሆንልሃል» ብሎኛል። ሁለተኛ፣ ዓድዋ መዋል አለመዋሉን ማወቅ ይቻላል ወይ?


የቅርስ ክፍል | ጥቅምት 4፣ ማታ

ወንድሜ፣ እባክህ ግራይንደሩን እርሳው። የብርጭቆ ወረቀትም፣ የሽቦ ብሩሽም፣ ሎሚም እንዳታስነካው። ሥራዬ ሙዚየም ውስጥ ዕቃ መጠገን ነው። ከዝገት ይልቅ ዝገት ሊያስለቅቁ የተነሱ ሰዎች ያጠፉትን ነው አብዝቼ ያየሁት። ብረቱ ላይ የተመቱት ጽሑፎች ጥልቀታቸው ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ግራይንደር በአንድ ደቂቃ ይልሳቸዋል። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው ታሪክ የለም፣ መልስ የሚሰጥህ ብረትም የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ሦስት ነገር ላሳስብህ። ውስጡ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ። መዝጊያው ዝጎ አልከፈት ካለ አትታገለው፣ የሚያውቅ ሰው ፊት ይከፈት። ፈቃዱን ጨርስ፣ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 «የአያት ነው» ብሎ የሚያልፈው መሣሪያ የለም። ደግሞ ሊተኮስበት ብለህ እንዳትጠግነው። የምንጠግነው እንዲቆይ ነው። መቶ ምናምን ዓመት የኖረ ብረት ፊትህ ላይ ቢፈነዳ ማንም አይደርስልህም።

ስለ ጠፍሩ፣ ለጊዜው አትንካው። ምክንያቱን ነገ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።


የታሪክ መምህሩ | ጥቅምት 5፣ ጠዋት

እንኳን ጻፍክልን። ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ የማውቀውን ልበል።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተሰጠ መሣሪያ ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ይተኩሳል። እርሳሱ 25 ግራም ይመዝናል። ጥቁር ባሩድ ስለሚጠቀም ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹን ያጋልጣል። ያም ሆኖ ለጊዜው ትልቅ መሣሪያ ነበር።

ታዲያ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ? ፈረንሳዮች በ1886 (እ.ኤ.አ.) ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን፣ ለበን የሚባለውን ጠመንጃ ያዙ። ያን ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ግራ ትርፍ ሆነ። ነጋዴዎች በኦቦክና በጅቡቲ ወደቦች በኩል እያስገቡ ሸጡት። ዐፄ ምኒልክ መሣሪያ ለመሰብሰብ የደከሙትን ድካም አስበው። በ1879 ዓ.ም. ገጣሚው አርቱር ራምቦ እንጦጦ ድረስ ያመጣላቸው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ እንኳን ከአፉ የሚጎርስ አሮጌ ዓይነት ነበር። ከዚያ ተነስተው ነው እስከ ዓድዋ ድረስ ሠራዊታቸውን እንዲያ ያስታጠቁት። በሰሜን ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንዴትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ብዙ ሬሚንግተን የሚባል ጠመንጃ ማርከው ነበር። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ወገን አንድ ዓይነት መሣሪያ አልያዘም። ሬሚንግተንም፣ ውጅግራም፣ ሌላም ሌላም ነበረ። ጣሊያኖቹ በብዛት የያዙት ቬተርሊ የሚባለውን 10.35 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው።

እንግዲህ ጠመንጃህ ውጅግራ መሆኑ ብቻ ዓድዋ አያደርሰውም። ውጅግራ ከዓድዋ በኋላም መግባቱን አላቆመም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጅቡቲ መንገድ ይበልጥ ቀለለ። መልሱ ያለው ጠመንጃው ላይ የተመታው ጽሑፍ ውስጥና ቤታችሁ ባለ ወረቀት ውስጥ ነው። መዝጊያው በሚመላለስበት ብረት ግራ ጎን ላይ የፋብሪካውን ስም ፈልግ። ሳንቴቲየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል ሊል ይችላል። አፈሙዙ ላይ የተሠራበት ዓመት በእ.ኤ.አ. አለ። ከፊደል ጋር የተጻፈ ቁጥርም አለ። «ኤም 80» የሚል ምልክት ካገኘህ በ1880 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለ ነው ማለት ነው። «ኤም 14» ካገኘህ ግን ቶሎ ንገረኝ።


አናጢው | ጥቅምት 5፣ ከሰዓት

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። በእንጨት ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። የተሰነጠቀ የሰደፍ አንገት ቀልድ አይደለም። ጠፍሩ ላይ ላዩን ይዞታል እንጂ ስንጥቁ ውስጥ አልተጣበቀም። አንድ ቀን ሰው በአንገቱ ሲያነሳው ለሁለት ይከፈላል። ጠፍሩን ፈትቶ፣ ውስጡን አጽድቶ፣ በደንብ አጣብቆ፣ እንደ ፋብሪካው ማድረግ ነው የሚሻለው። ሰደፉ ዋልነት ነው፣ ቆንጆ እንጨት ነው። በጥሬ ቆዳ ተጠቅልሎ ማየት ለእኔ ያሳዝናል። ሠሪው እንዲህ እንዲሆን አላሰበውም።


የቅርስ ክፍል | ጥቅምት 5፣ ማታ

አናጢው፣ ሥጋትህ ይገባኛል። እንጨቱን የሚያከብር ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። ግን እስቲ ይህን አስብ። ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ሰው ጠመንጃውን ያወቀው ለጥቂት ቀን ነው። ጠፍሩን ያሰረው ሰው ግን ሕይወቱን በዚህ ጠመንጃ ላይ የጣለ ሰው ነው። ሰደፉ ሲሰነጠቅ መለዋወጫ የሚያዝበት ፋብሪካ አልነበረውም። ቆዳውን አርጥቦ ጠመጠመው። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጨመቀው። ይህ ብልሃት ነው። በአገራችን የቆዩ ጠመንጃዎች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እሱን ፈትተን ብንጥለው የፈረንሳዩን ታሪክ አድሰን የኢትዮጵያውን እንሰርዛለን።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ሥራ ትልቁ ሕግ፣ ልትመልሰው የማትችለውን ነገር አለማድረግ ነው። ጠፍር አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ስንጥቁ የሚያሳስብ ከሆነ ጠመንጃው ሁለት ቦታ ላይ በሚደግፈው ማስቀመጫ ላይ ይተኛ። በአንገቱ አይነሳ። በቃ።


ዘመርሐቤቴ | ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

አመሰግናለሁ፣ በጣም። አሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ጉዳዩን ለወረዳው ፖሊስ አሳውቄ ምዝገባውን ጨርሻለሁ። መዝጊያውን እነሱው ፊት ነው የከፈትነው። ባዶ ነበር። ነገር ግን ከጠመንጃው ጋር አብሮ የኖረ ዝናር ውስጥ ሁለት ያልተተኮሱ ጥይቶች ተገኙ። ትልልቅ ናቸው፣ ቀለሃቸው አረንጓዴ ሆኗል። አንዱን ከፍቼ ባሩዱን ብደፋውና ለመታሰቢያ ባስቀምጠው ምን ይመስላችኋል?

ጽሑፉን በባትሪ አየሁት። መምህር እንዳሉት ግራ ጎኑ ላይ ቅጥልጥል ባለ ጽሑፍ ሳንቴቲየን ይላል። «ሞዴል 1874» የሚለውም በደንብ ይነበባል። አፈሙዙ ላይ 1878 ይታያል። «ኤም 80» አለው። «ኤም 14» ግን አላገኘሁም። የአፈሙዙና የመዝጊያው ቁጥር አይገጥሙም። ይህ መጥፎ ነገር ነው?


የቅርስ ክፍል | ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

ጥይቱን አትክፈት! የቆየ ጥይት «ሞቷል» ተብሎ አይታመንም። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ከሆነ መቶ ዓመትም ቆይቶ ይነዳል። መነሻው ላይ ያለችው ትንሿ ቆብ ደግሞ በግፊት ብቻ ልትነሳ ትችላለች። ሁለቱንም ሳትነካካ ለፖሊስ አስረክብ። ፎቶ አንሳቸው፣ የቀለሃቸውን ታች ጽሑፍ መዝግብ። ለታሪኩ እሱ ይበቃል።


የታሪክ መምህሩ | ጥቅምት 9፣ ማታ

ቁጥሩ አለመግጠሙ አይክፋህ። የፈረንሳይ ሰብሳቢ ቢሆን ዋጋው ቀነሰ ይል ይሆናል። ለእኛ ግን ሌላ ትርጉም አለው። መዝጊያው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ከሌላ ውጅግራ ተወስዶ ተገጥሟል ማለት ነው። ሁለት ጠመንጃ አንድ ሆኖ ቀጥሏል። የሠራ ጠመንጃ እንዲህ ነው የሚመስለው።

1878 ዓድዋን አይከለክልም። «ኤም 14» አለመኖሩ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንዳልኩ የሚያስረዳ ሰው ይኖር ይሆናል።


የወሎው ልጅ | ጥቅምት 10፣ ጠዋት

እኔ ነኝ የማስረዳው፣ ምክንያቱም ደርሶብኛል።

የእኛም ቤት ውጅግራ ነበር። አባቴ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ዓድዋ የዋለ ነው እያለ ነው ያሳደገኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው አሳየሁት። አፈሙዙን በመለኪያ ለካው። 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ «ኤም 14» የሚለውን ምልክት አሳየኝ። ፈረንሳዮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሲያጥራቸው አሮጌውን ግራ አውጥተው የለበን ጥይት እንዲተኩስ 8 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ገጠሙለት። ያ የሆነው ከ1914 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። በዚህ መልኩ ወደ አገራችን የመጣ ጠመንጃ ዓድዋ (እ.ኤ.አ. 1896) ሊደርስ አይችልም። በ18 ዓመት ይዘገያል።

አልዋሽም፣ ሳምንት ሙሉ ከፋኝ። ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ። ስነግረው ግን ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው የአባቴ ነው የማይጨው» አለኝ። አያቴ መጋቢት 1928 ማይጨው ዘምተዋል። ያን ጦርነት የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው፣ ስለተሸነፍንበት። አሁን ስለ ጠመንጃው ስናገር ማይጨውን ነው የማነሳው። ወንድሜ፣ አንተም የምታገኘው እውነት ከምትጠብቀው ቢለይ አትከፋ። የዚያኛውም ዘመን ሰው ሰው ነው።


ዘመርሐቤቴ | ጥቅምት 18፣ ማታ

የወሎው ልጅ፣ የጻፍከውን ለእናቴ አነበብኩላት። አለቀሰች።

ጥይቶቹን አስረክቤያለሁ። ጽዳቱን ጀምሬያለሁ። የቅርስ ክፍል በውስጥ መስመር ባስረዳችኝ መሠረት ነው። ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ የሠራሁትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም ጎን ፎቶ አነሳሁ። ብሎኖቹ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጌ አራት ቀን ተውኳቸው። ካቻቢቴ ገዛሁና ጫፉን በሞረድ ሞርጄ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ እንዲገጥም አደረግሁት። ጫፉ ከላላ ብሎኑን ይፈጫል። አንዷ ብሎን እምቢ አለችኝ። አልታገልኳትም፣ እዚያው ተቀመጠች።

የአፈሙዙን ውስጥ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ዘይት ብቻ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ለካ የጥቁር ባሩድ ቅሪት ጨው ነው፣ እርጥበት ይስባል፣ የሚሟሟውም በውሃ ነው። የወጣው ውሃ እንደ ቡና ጠቆረ። ሦስት ጊዜ ደግሜ፣ ወዲያው አድርቄ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠረግሁት። ወደ ብርሃን አድርጌ ሳይ ጥምዝ መስመሮቹ ታዩኝ። ደነገጥኩ። ዓይኔ እዚያ ውስጥ ለብዙ ደቂቃ ቀረ።

ለውጪው ብረት በዘይት የረጠበ በጣም ስስ የብረት ሱፍ ተጠቀምኩ። ጽሑፍ ባለበት ቦታ ግን የመዳብ ቁራጭ ብቻ። መዳብ ከብረቱ ይለሰልሳል። ስለዚህ ዝገቱን ይገፋል፣ ብረቱን አይጭርም። በጣት የሚነሳውን ብርቱካናማውን ብቻ ነው ያነሳሁት። ከሥሩ ያለው ጥቁር ቡናማ የተረጋጋ ነው ተብያለሁ። እሱን ተውኩት። የናሱ ምስማር ዙሪያ ያለውን አረንጓዴ ነገር በእንጨት ስንጥር ለቀምኩት።

እንጨቱን በጨርቅ ብቻ ጠረግሁ፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በጣት ጫፍ፣ በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁ። ቫርኒሽ የለም። ጠፍሩን ዘይትም ውሃም አላስነካሁትም። ውሃ ቢነካው ይለሰልስና ይላላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉ። ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ራሱን አቀጣጥሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

አሁን የሚገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። ዝገቱ በሁለቱም ጎን እኩል አይደለም። ቀኝ ጎኑ ደህና ነው። ግራ ጎኑ ግን ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ መሐሉ ድረስ በጥልቅ ተበልቷል። ጣሪያው ያፈሰሰበት የዘንድሮ ዝገት ላይ ላዩን ነው፣ ይሄኛው የቆየ ነው። ምን ይሆን?


የቅርስ ክፍል | ጥቅምት 18፣ ሌሊት

በጣም ጥሩ ሠርተሃል። እምቢ ያለችዋን ብሎን መተውህ ከሁሉም ደስ አለኝ።

በአንድ ጎን ብቻ በጥልቅ የተበላ ብረት ብዙ ጊዜ እርጥብ ነገር ላይ ተኝቶ የቆየ ብረት ነው። አፈር፣ የዋሻ ወለል፣ እንደዚያ ያለ ነገር። ሳየው ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የተደበቀ መሣሪያ ነው። ጣሊያን መሣሪያ በሚያስፈታበት ጊዜ ሰው መሣሪያውን ቀብሮ ነበር የሚያስቀምጠው። ይህ ግምት ነው። ብረቱ መተኛቱን ይነግርሃል፣ የት መተኛቱን ግን እናትህን ጠይቃት።


ሰብሳቢ | ጥቅምት 19፣ ጠዋት

ጠመንጃውን ለመሸጥ ካሰብክ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን በጣም ይፈልጋሉ።


ዘመርሐቤቴ | ጥቅምት 19፣ ጠዋት

አይሸጥም። ስለጠየቅክ አልቀየምህም።


የታሪክ መምህሩ | ጥቅምት 19፣ ቀትር

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ባለፉት ዓመታት ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ሰብሳቢዎች ሄደዋል። ውጅግራው፣ የጣሊያኑ ካርካኖ፣ አንበሳ የተመታበት ቤልጅጉ፣ ሁሉም። ሕጋዊ ሽያጭ ነው ይባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እያንዳንዱ ከየትኛው ክፍለ ሀገር፣ ከማን እጅ እንደመጣ አብሮ የሄደ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ጠመንጃው እዚያ ይደምቃል፣ ሰውየው እዚህ ይጠፋል። አንተ ግን ሰውየውም ጠመንጃውም እጅህ ላይ ናቸው። የጻፉት ነገር ካለ ፈልግ። የድሮ ሰው ጠመንጃውን እንደ መሬቱ ነው የሚያወርሰው፣ በምስክር ፊት።


ዘመርሐቤቴ | ኅዳር 3፣ ሌሊት

ተቀምጣችሁ አንብቡ።

መርሐቤቴ ሄጄ ነበር። የመምህርን ምክር ይዤ እናቴን «አባባ የተዉት ጽሑፍ የለም ወይ?» አልኳት። የለም አለች። ቆየችና «ዳዊታቸው ብቻ ነው ያለው» አለች። የቅድመ አያቴ ዳዊት ነው። ብራና ነው፣ በማኅደሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቤታችን ውስጥ ማንም የመጨረሻውን ቅጠል ገልጦ አይቶ አያውቅም፣ ጸሎቱ ከዚያ በፊት ያልቃልና።

በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በቀጭን ጽሕፈት ኑዛዜ አለ። በግንቦት ወር በ1914 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። የነፍስ አባታቸውና አራት ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ተጠርተዋል። በሬው ለማን፣ መሬቱ ለማን፣ ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ጠፍር ያለበትን ውጅግራዬን ለበኵር ልጄ ሰጥቻለሁ።»

ጠፍር ያለበትን።

ቁጥር አልጻፉም። የፋብሪካ ስም አልጻፉም። ሌላም ጠመንጃ ቤቱ ውስጥ ሳይኖር አልቀረም። እሱን ከሌላው የለዩት በጠፍሩ ነው። ያን ቀን ጎረቤቴን ሰምቼ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባገኘውም ስለየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ የሚነግረኝ አይኖርም ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

በኵር ልጃቸው አያቴ ናቸው። የአያቴ የአርበኝነት ሜዳይ ባለ አምስት ዘንባባ ነው፣ ወረቀቱም ከሜዳዩ ጋር ተቀምጧል። ስለ ተበላው ጎንም እናቴን ጠየቅኋት። «ምስጋናው ይድረሰውና ያ ገደል ነው» አለች። አያቴ ለድርድር ሲጠሩ ጠመንጃውን የሚደብቁበት ገደል ሥር ያለ ዋሻ እንደነበር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። ውሃ የሚንጠባጠብበት ነው አለችኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። አልጠየቅኋትማ።


የታሪክ መምህሩ | ኅዳር 4፣ ጠዋት

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ፣ ትልቅ ነገር ነው ያገኘኸው።

አሁን በጥንቃቄ እንለይ። ውጅግራው በ1914 በቅድመ አያትህ እጅ ነበር፣ ይህ የተጻፈ ነው። ያን ጊዜ ጠፍሩ ታስሯል፣ ማለትም ቀድሞም ብዙ ሠርቶ ነበር። ለአያትህ ተላልፏል፣ ይህም የተጻፈ ነው። ባለ አምስት ዘንባባው ሜዳይ እንደሚመሰክረው አያትህ አምስቱን የጠላት ዓመታት በአርበኝነት አሳልፈዋል። ስለዚህ ይህ ጠመንጃ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ተጋድሎ የአያትህ መሣሪያ ነበር ብትል ማንም ደፍሮ አይቃወምህም።

ዓድዋ ግን ክፍት ነው። የጠመንጃው ዕድሜ ይፈቅዳል። ቅድመ አያትህም የዘመቱ ከሆነ ይፈቅዳል። ሆኖም በ1888 እና በ1914 መካከል 26 ዓመት አለ። በዚያ መሐል ገዝተውት ሊሆን ይችላል፣ ተሸልመውትም ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይ አገር ሻቴልሮ ከተማ ውስጥ የድሮ መሣሪያ ፋብሪካዎች መዛግብት የሚቀመጡበት ቤት አለ። የፋብሪካ ወረቀት ግን መቼ እንደተሠራ እንጂ ማን ትከሻ ላይ እንደዋለ አይነግርህም። ለልጆችህ «ዓድዋ ውሏል ብለው አባቶቻችን ነግረውናል» በላቸው። ይህ እውነት ነው፣ ነግረውናልና። «ውሏል» ብለህ ግን አትጻፍ።

ዳዊቱን በጥሩ ፎቶ አንሳው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና ጽሑፍ የሚያነቡ ሰዎች አሉት። ቅጂውን አሳያቸው። ዳዊቱን ራሱን ግን ከእናትህ ቤት አታውጣው።


አናጢው | ኅዳር 4፣ ከሰዓት

ስለ ጠፍሩ ተሳስቼ ነበር። ፍታው ማለቴን እተዋለሁ።

ሥራዬን ግን ላበርክት። ከጽድ እንጨት ማስቀመጫ ልሥራልህ። ሁለት ቦታ ላይ የሚደግፍ፣ ክብደቱ አንገቱ ላይ እንዳያርፍ። ጠመንጃው 1 ሜትር ከ30 ገደማ ይረዝማል፣ ክብደቱም ከ4 ኪሎ ያልፋል። ልኩን በሰደፉና በመሐሉ በኩል ወስደህ ላክልኝ። ዋጋ አልፈልግም። ጠመንጃው የሚያርፍበት ላይ ምን ላልብሰው? ቆዳ አስቤ ነበር።


የቅርስ ክፍል | ኅዳር 4፣ ማታ

ቆዳ አይሁን። የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ጨውና አሲድ ብረት ያዝጋል። ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ጆንያም ድጋሚ እንዳታስጠጉት፣ እርጥበት ይይዛል። ብረቱ ላይ ስስ ሰም ይቀባና በዓመት ሁለት ጊዜ ይታይ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ። ከዚያ በላይ አትነካካው።

አናጢው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።


ዘመርሐቤቴ | ኅዳር 21፣ ማታ

ማስቀመጫው ደረሰኝ። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ። አናጢው፣ እጅህ ይባረክ። ጽዱ ቤቱን በሽታው ሞልቶታል።

ጠመንጃው እናቴ ቤት ተመልሷል። ጣሪያውን አስቀይሬያለሁ። የኑዛዜውን ቅጂ፣ የፖሊሱን ወረቀትና የብረቱን ጽሑፍ ፎቶ አንድ ላይ አድርጌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ታላቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ኑዛዜውን በእጇ ገልብጣዋለች። «ጠፍር» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝና ወስጄ አሳየኋት። በጣቷ ነካችው። እናቴ «ቀስ» አለቻት።